ኮምፒውተሯ እስክትነሳ

በመካከላችሁ ኮምፒውተር አብርቶ፣ እስክትነሳለት ድረስ ፍየል አርዶ የገፈፈ ሰው አለ? እኔ አለሁ። የፋሲካ ለት ነው። መዝሙር ልከፍት ብዬ ቁልፏን ተጫንኩና ወደ ጓሮ ወጣሁ። ፍየሉን አረድኩ፣ ሰቀልኩ፣ ገፈፍኩ፣ ብልት ብልቱን አወጣሁ፤ እጄን በሳሙና ታጥቤ ስመለስ «እንኳን ደህና መጡ» የምትለውን ቃል ገና እያሰበችበት ነበር። ባለቤቴ የሺ በበሩ አየት አድርጋት «ተዋት እባክህ፤ እሷም ሁዳዴን ስትጾም ከርማ አቅም አንሷት ነው» አለችኝ።

ሁልጊዜ እንዲህ የነበረች ግን እንዳይመስላችሁ። አሁን ሳሎኑ ጥግ ዳንቴል ለብሳ፣ በአናቷ የፕላስቲክ አበባ ተሸክማ የተቀመጠችው ይህች ኮምፒውተር በጊዜዋ የሰቆጣ ገበያ እመቤት ነበረች። ገበያው ዳር ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። በሯ ላይ በቀይ ቀለም «ሚሞሪ እንሞላለን» ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊው እኔው ስለነበርኩ ቦታ አልበቃኝም፤ «ለን» የምትለዋ ከበሩ አልፋ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥላለች። ቢሆንም ሰው የሚመጣው ጽሑፉን አይቶ ሳይሆን ድምፁን ሰምቶ ነበር።

ለዛሬ ልጆች ነገሩን ማስረዳት ይኖርብኛል። ያኔ ዘፈን ከሰማይ አይወርድም። ዘፈን የሚኖረው ሚሞሪ በምትባል፣ የጣት ጥፍር በምታህል ጥቁር ነገር ላይ ነው። ስልክህ ውስጥ ትሰካታለህ፤ ሲሰለችህ እኔ ዘንድ መጥተህ ታስለውጣለህ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከጽጽቃም ከኒሯቅም የመጣው ገበያተኛ ፍየሉንና ማሩን ሸጦ ሲያበቃ ወደ ሱቄ ጎራ ይላል። ሴቶቹ ሚሞሪያቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ይሰጡኛል። ወንዶቹ ግን ከኪሳቸው ከሽንብራ ቆሎ ጋር ዘግነው ያወጡና፣ ለቅሞ መለየቱን ለእኔ ይተዉልኛል። አንዱማ ቆሎ መስላው ነክሷታል። የጥርሱ ምልክት ያለባት ያቺ ሚሞሪ ከዚያም በኋላ ብዙ ክረምት አዝፍናዋለች።

የደንበኛው ትእዛዝ ደግሞ ለብቻው ወግ ይወጣዋል። «የማያስለቅስ ጫንልኝ፤ ልቅሶማ ኸቤቴም አለ» የሚል ነበር። «እስክታቃስት ጫንባት» የሚልም ነበር። አንድ የአበርገሌ ሽማግሌ ጢም አድርገው አስሞልተው ከወጡ በኋላ ከበር ተመልሰው፣ «አንተ ልጅ፣ መንገዱ ዳገት ነው። ይሄ ሁሉ ዘፈን አይከብደኝም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ያኔ አፌ አያርፍም ነበርና «ከከበደዎት ዳገቱ ላይ ቀስ እያሉ ያዘፍኑት፤ ይቀልልዎታል» አልኳቸው። በሌላ ማክሰኞ መጥተው «እውነትህን ነው፤ ቀለለኝ» አሉ።

ሚሞሪ የምትለው ቃል እንዲህ አገሩን ወረሰችው። በልቶ የጠገበ ሰው «ሚሞሪዬ ሞልቷል» ብሎ እጁን ይታጠባል። የሚዘነጋ ባል ሲገኝ ሚስቱ «የሱ ሚሞሪ ተቃጥሏል» ትላለች። አንድ ሕግ ደግሞ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያውቃል፦ ሚሞሪ ከተቀየረ በላዩ ያለው ሁሉ ሄደ ማለት ነው። ይህችን ሕግ ያዙልኝ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

ከዚያ መብራቱም ኔትዎርኩም ጠፍቶ የከረመበት ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ሁለቱም ሲመለሱ ሰዉ ዘፈኑን ራሱ ከስልኩ ማውረድ ለምዶ አገኘሁት። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የሰው ጀርባ ማየት ሥራዬ ሆነ። ሱቋን ዘጋሁ፤ ኮምፒውተሯን በጋቢ ጠቅልዬ እንደ አራስ ተሸክሜ ወደ ቤት ወሰድኳት። ዛሬም በዚያች በር ሳልፍ ቆም እላለሁ። አሁን ሽንኩርት ይሸጥባታል። «ለን» የምትለዋ ግን ግድግዳው ላይ አለች።

አንድ ደንበኛ ብቻ ቀረልኝ፤ አያ ኪሮስ። የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ናቸው፤ ረዘም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ኮፍያቸውን ከቤተ ክርስቲያንና ከእኔ ዘንድ በቀር የትም የማያወልቁ ሰው። የሚመጡበትን ምክንያት ለመናገር ግን ወደ ሱቁ ዘመን ልመልሳችሁ።

ከሱቁ ሥራ ሁሉ የምወደው ድምፅ መቅዳት ነበር። ልጁ ዓረብ አገር ያለችበት ወላጅ መጥቶ ሰላምታውን ይናገራል፤ እኔ በሚሞሪ እጭነዋለሁ፤ መንገደኛ ያደርሰዋል። አያ ኪሮስና ባለቤታቸው እማ ካሰችም ሪያድ ላለችው ልጃቸው ለለተብርሃን ሰላምታ ሊያስቀዱ አንድ ማክሰኞ ከፍየሎቻቸው ጋር መጡ። አያ ኪሮስ «አንቺ ፍየሎቹን ያዢ፤ እኔ ልጁን ላነጋግረው» ብለው ቀድመው ገቡ። ገብተውም ስለ ማይኩ ጠየቁ፣ ስለ ገመዱ ጠየቁ፣ ስለ አያቴ ጠየቁ። ፀሐዩ ደግሞ ውጭ እማ ካሰችን ይጠብሳል። በመጨረሻ «በሉ አያ፣ ይጀምሩ» ብዬ መቅጃውን ስጫን በሩ ተበረገደ።

«የት ቆየህ?»

እማ ካሰች ነበሩ። «አንተ ሰውዬ፣ ፍየሎቹን እኔ ላይ ጥለህ እዚህ ኸሳጥን ጋር ታወጋለህ? ጥቁሯ ገመዷን በጥሳ የሰው ጎመን ገብታለች! አንተ ወሬ ካገኘህ ቤትህንም አታውቀው!» ከዚያ ወደ ቤታቸው ቋንቋ፣ ወደ ኽምጥኛ ተሻገሩ። ለሰው የሚሰማው ቁጣ በአማርኛ፣ ለባል ብቻ የሆነው በኽምጥኛ ነው የሚወጣው። አያ ኪሮስ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው አደመጡ። መጨረሻ ላይ እማ ካሰች ራሳቸው ሳቃቸው መጣና «በል ና» ብለው ወጡ። ቀረጻው እዚያ ላይ ያበቃል።

ፍየሏ ከጎመኑ ከወጣች በኋላ ደህናውን ሰላምታ ቀዳን። እማ ካሰች ማይኩ ፊት ሲቀመጡ እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ «ይድረስ ለልጃችን» ብለው ጀመሩ፤ አንድም የሳቸው ድምፅ አልነበረበትም። እሱ ሪያድ ሄደ፤ ለተብርሃን ስልኳ ሲጠፋባት አብሮ ጠፋ። የተበላሸውን ግን ለሳቅ ብዬ አላጠፋሁትም ነበር። እማ ካሰች ፎቶ ተነስተው አያውቁም። «መልኬን እግዜር ያውቀዋል፤ ለሌላ ምን ያደርግለታል?» ይሉ ነበር። ከዚያ ታመሙና አረፉ። ከተዝካራቸው በኋላ አያ ኪሮስ ሱቄ በር ላይ ቆመው፣ «አንተ ልጅ፣ ያ ቁጣ አለ?» አሉኝ።

አለ። ከዚያ ወዲህ ከገበያ መልስ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ። በስልካቸው ላይ ልጫንልዎት ብላቸው «ተወው፣ እዚሁ ትሁን» አሉ፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ሱቁ ሲዘጋም ወደ ቤቴ መምጣት ጀመሩ። ቁልፏን እጫናለሁ። የሺ ጠላ ትቀዳለች። ኮምፒውተሯ ታጓራለች። አያ ኪሮስ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው «ተነሳች?» ይላሉ፤ እኔ «ገና ናት» እላለሁ። ያን የሚያህል ሽማግሌ፣ ያውም መንገደኛ፣ እንዲህ ማስጠበቁ እንደ እሾህ ይወጋኝ ነበር። ስትነሳ እማ ካሰች ይቆጣሉ፤ አያ ኪሮስ «እሽ፣ መጣሁ» ብለው ተነስተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ሌላ ምንም የለም።

እንግዲህ የኮምፒውተሯን ነገር መላ ልፈልግለት የቆረጥኩት ለሳቸው ብዬ ነው። ባሕር ዳር ለምትሠራው ልጃችን ለሰላም ደወልኩላት። «አባ፣ ራሟ፣ የመሥሪያ ሚሞሪዋ፣ ትንሽ ሆኖ ነው፤ ልላክልህ» አለችኝ። በመንገደኛ እጅ በሹራብ ተጠቅልሎ ደረሰ። ስንፈታው ጥርስ የሌለው ማበጠሪያ የመሰለ አረንጓዴ ነገር ወጣ። የሺ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ይህቺ ናት? እኔ ሹራቡ መስሎኝ» አለች። ሹራቡን ለበሰችው፤ ልኳም ነበር።

ባለሙያ እንድጠራ መከረችኝ፤ «ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው» ብላም ተረተችብኝ። እኔ ግን ያን ሁሉ ዘመን ከዚህች ኮምፒውተር ጋር ተፋጥጬ የኖርኩ ሰው ለሌላ ሰው አሳልፌ የምሰጣት አልመሰለኝም። ሆዷን ከፍቼ ባላውቅም ጠባይዋን አውቃለሁ አልኩ። ጠባይ ማወቅ ሌላ፣ ሆድ መክፈት ሌላ መሆኑን ያገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔን ምን እንደጋረደኝ አላውቅም።

የሺ ወፍጮ ቤት ሄደች። ተራ ስትጠብቅ አንዷ «ባልሽ ምን ይሠራል?» ብትላት «የኮምፒውተሯን ሚሞሪ ሊቀይረው ነው» አለች። ራም ብትል ኖሮ ማንም ባልሰማት። ሚሞሪ ስላለች ግን ዱቄቱ ሳይቀዘቅዝ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ሕጉን ታስታውሱ የለ? ሚሞሪ ከተቀየረ ያለው ሁሉ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ደጄ ላይ ሰው ቆሟል። የሰርጓን ቪዲዮ የሠራሁላት ሴት ከነባሏ መጥታለች፤ ሦስተኛ ልጇን አዝላለች። «ሰርጌን ልትጥለው ነው አሉ» አለችኝ። ባሏ ከኋላዋ ሆኖ በዓይኑ ይለምነኛል፤ እንድጥለው ይሁን እንዳልጥለው አልገባኝም። ሌላው በጉርምስናው ያስጫናትን ዘፈን ስም ረስቶ ዜማዋን በአፍንጫው እያንጎራጎረ ፈልግልኝ ይላል። ለሁሉም «ምንም አይጠፋም» አልኩ። ሁሉም «እሺ» አሉኝ፤ ግን ለጽኑ ታማሚ እንደሚባለው ያለ እሺ ነው።

በመካከል የአያ ኪሮስን ኮፍያ ከአጥሩ በላይ አየሁት። ማክሰኞ አልነበረም። ልቅሶ ሲደርሱ የሚለብሱትን ጋቢ ለብሰዋል። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው።

«ካሰችን ልታወጣት ነው አሉኝ» አሉ። «ታዲያ ሳልሰናበታት?»

አስገባኋቸው፤ አስቀመጥኳቸው፤ አስረዳኋቸው። «አያ ኪሮስ፣ ጎተራው ሌላ፣ ሰፌዱ ሌላ ነው። እማ ካሰች ያሉት ጎተራው ውስጥ ነው። እሱን ማንም አይነካው። እኔ የምጨምረው ሰፌድ ነው። ሰፌድ ለጊዜው የያዘውን ያበጥራል እንጂ ምንም አያስቀምጥም። መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ረስቶ ባዶውን ያድራል።»

አሰቡበት። «የሚረሳ ነገር ነው?»

«አዎ።»

«የሚረሳውን ታዲያ ማነው ሚሞሪ ያለው?»

«ፈረንጅ ነው።»

«ጎተራውን ሊልበት ነበር፤ ረስቶ ነው» አሉና ትንሽ ፈታ አሉ። ያም ሆኖ አልሄዱም። እያዩ ሊያስሠሩኝ ወንበራቸውን አስጠጉ።

ዳንቴሉ ወረደ፣ አበባው ተነሳ። ካቻቢቴ ስፈልግ የለም፤ በሽንኩርት መክተፊያው ቢላ ጫፍ ብሎኖቹን ፈታሁ። ክዳኗ ሲከፈት ሦስታችንም ወደኋላ አልን። የሰቆጣ አቧራ የሚባለውን ውጭ ነው የምናውቀው ለካ፤ ርስቱን የያዘው እዚያ ውስጥ ነው። አንዲት እንሽላሊት ደርቃ ተጋድማለች። ሽንብራ አለ። የሺ በብሩሽ ስታነሳው ስታነሳው ከታች አንድ የደረቀ የሣር ዘለላ ወጣ።

የሻደይ ሣር ነበር። ነሐሴ ላይ ልጃገረዶቹ ሻደዩን በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ ይዘው ደጅ ለደጅ ሲጫወቱ ሱቄ ሳይደርሱ አይመለሱም ነበር። እቀዳቸውና መልሼ አሰማቸዋለሁ፤ የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ ይንጫጫሉ። ሰላም ያኔ ትንሽ ናት፤ ሻደዩ ከወገቧ እየወረደ ስለሚያስቸግራት ሌሎቹ ሲዘፍኑ እሷ ኮምፒውተሯን ተደግፋ ታስራለች። የሺ ዘለላውን ከአቧራው አራገፈችና መዝሙረ ዳዊቱ ውስጥ አስገባችው። ቤቱ ያን ጊዜ ምን ያህል ሙሉ እንደነበር ድንገት ተሰማኝ።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። አሮጌው ራም በሁለት ጆሮ መሰል መቆለፊያ ተይዟል። ጆሮዎቹን ከፍቼ ነቀልኩት። አዲሱን በቦታው ሰካሁ። በስሱ ነው የተጫንኩት፤ አያ ኪሮስ «ቀስ፣ ቀስ» እያሉኝ ስለነበር። ገመዱን መልሼ ቁልፏን ነካሁ።

ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

መስኮቷ ጥቁር ነው። አጠፋሁ፤ አበራሁ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

«ምን ትላለች?» አሉ አያ ኪሮስ።

«አልተስማማትም መሰለኝ» አልኩና አዲሱን ነቅዬ አሮጌውን መለስኩት። በላብ ተጠምቄ አበራሁ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። እስከ ትናንት ድረስ የሠራው አሮጌው እንኳ ካደኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው፤ ለሰውየው ብዬ የሰውየውን አንድ ንብረት ገደል ልከተው ነው። ደጅ ያለው ሰው ጢጥታውን ሲሰማ አንዷ «ውይ፣ ሰርጌ!» ብላ ጮኸች። አያ ኪሮስ ግን አልጮኹም። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ያን ሳይ ነው ያመመኝ።

ለሰላም ደወልኩ። ኔትዎርኩ ይቆራረጣል። «አባ... ወርቃማው ጫፉ... ቆሽሾ ነው... በላ...ስ እሸው... ጠቅ እስኪል...» ቋ ብሎ ተቋረጠ።

«ምን አለች?» አልኩ።

«በበለስ እሸው ነው ያለችህ» አለች የሺ፤ በእርግጠኝነት።

«በበለስ?»

«ልጅህ የተማረች ናት። ሳታውቅ አትልም።» ወጥታ ከጎረቤት አጥር አንድ ወፍራም እሾሃም የበለስ ቅጠል በጨርቅ ይዛ ተመለሰች። አያ ኪሮስ ነገሩ ገባቸው፤ «እውነቷን ነው፤ ያበጠ ነገር በበለስ ይታሻል» አሉና በሴንጢያቸው እሾሁን መላጥ ጀመሩ። ልጡ ተላጠ፤ ውሃው ይንጠባጠባል። ራሙን ከነወርቃማ ጫፉ ወደ በለሱ አስጠግቼ ነበር፤ እውነቴን ነው፤ አንድ ጣት ነበር የቀረኝ። ስልኩ ጮኸ።

«አባ! ላጲስ ነው ያልኩህ፣ ላጲስ! የተማሪ ላጲስ!»

የሺ በለሱን ቀስ ብላ ከጀርባዋ ደበቀችው። «እኔም እኮ ላጲስ ነው ያልኩት» አለች።

የሰላም የትምህርት ቤት ዕቃ በአንድ ካርቶን ተቀምጧል። ከሥሩ ግማሽ ላጲስ አገኘሁ፤ የጥርሷ ምልክት አለበት። ፈተና ሲከብዳት ላጲስ ትበላ ነበር። ራሙን በግራ እጄ ይዤ ላጲሱን ሳስጠጋ አያ ኪሮስ እጄን ያዙኝ። የገበሬ እጅ ነው፤ ከያዘ ይዟል።

«ይሄ ማጥፊያ አይደለም ወይ?»

«አዎ፣ ግን...»

«ልጆች የጻፉትን የሚያጠፉበት?»

«አያ ኪሮስ፣ ይሄ ሰፌዱ ነው፣ ጎተራው...»

«ተወኝ በጎተራህ! ሰፌድ ነው ብለህ ነካኸው፤ ይኸው ዘጋች። አሁን ደሞ ማጥፊያ አምጥተህ ልታሻት ነው።» «አንተ ልጅ፣ ፎቶዋ የለኝም። ነጠላዋን ለቤተስኪያን ሰጠሁት። የቀረችኝ ይህቺ ቁጣ ናት።»

ልማልላቸው ፈለግኩ፤ ግን ደግሞ ራሴም እርግጠኛ አልነበርኩም። የሺ ስልኩን ወስዳ ጆሯቸው ላይ አስደገፈችላቸው። ሰላም ምን እንዳለቻቸው የሰማሁት ስለምትጮህ ነው፦ «አያ ኪሮስ፣ ላጲስ ቆሻሻ ነው የሚያጠፋ፤ ሰው አያጠፋም!»

እጄን ለቀቁ። ከዚያ ላጲሱንም ራሙንም ከእጄ ወሰዱ።

«እንግዲያው እኔው ላሻት» አሉ። «ብትጠፋም በእኔው እጅ ትጥፋ።»

ሰው የታመመ ዓይን ሲጠርግ አይታችኋል? እንደዚያ ነው የጠረጉት። ወዲህ አንድ ጊዜ፣ ወዲያ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ እፍ። ጥቁሩ እየለቀቀ ወርቁ ብቅ አለ። አሮጌውንም አዲሱንም እንዲሁ አደረጉ። እኔም አዲሱን ተቀብዬ፣ በዚህ ጊዜ አያ ኪሮስን ሳልሰማ፣ ጠቅ እስኪል ተጫንኩት። ጠቅ አለ። ቁልፏን ነካሁ። አንዲት ጢጥ ብቻ አለችና መስኮቷ ቦግ አለ።

እንዴት ያለ መነሳት ነው! «እንኳን ደህና መጡ» ስትል አላየሁም፤ ብላም ከሆነ አልፋዋለች። ደጅ ያለው ሰው አጨበጨበ። ባለሰርጓ እልል አለች፤ ባሏ ተከዘ። እኔ በኩራት የእማ ካሰችን ድምፅ ነካሁ።

«የት ቆየህ?»

አያ ኪሮስ ብድግ አሉ፤ የበለሱ ውሃ ገና እጃቸው ላይ ነው። ኮፍያቸው ከጉልበታቸው ወድቃ ተንከባለለች። ጎንበስ ብለው ሲፈልጓት እማ ካሰች ስለ ጥቁሯ ፍየል ተናገሩ፤ አግኝተው ሲያራግፏት ኽምጥኛው አለቀ፤ ቀና ሲሉ «በል ና» ተባለ። «እሽ፣ መጣሁ» ሳይሉ አበቃ።

«ፍጥነቷን አዩልኝ?» አልኩ።

«አየሁ፤ እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉና ሄዱ። እኔ ደስታ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ መጡ። የሺ ጠላውን ሳትቀዳ ቁጣው ተጀምሮ አለቀ። ቆመው ሰሙ፤ ቆመው ሄዱ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ቀሩ። ሌላም ማክሰኞ ቀሩ። የሺ የቀዳችውን ጠላ ወደ ጋኑ እየመለሰች ፊቷን አዞረችብኝ፤ እኔ ያባረርኳቸው ያህል።

ፍየል ተራ ሄጄ ፈለግኳቸው። ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ተቀየሙኝ ወይ አያ ኪሮስ?»

«ምን ቅያሜ አለ? አንተ ደግ አደረግህ።» ፍየሎቹን ሲያዩ ቆዩ። «ቸኮለች እንጂ።»

«ማን?»

«ካሰች ናታ። ድሮ እስክትነሳ እኔም እሰናዳ ነበር። ኮፍያዬን አወልቃለሁ፣ ጋቢዬን አቀናለሁ። ያንተ ወሬ አለ፣ የየሺ ጠላ አለ። በዚያ መሀል እሷ ጓዳ ያለች ይመስለኝ ነበር። ልትወጣ ነው፣ ልትወጣ ነው እላለሁ። አሁን ገና ደጁን ስረግጥ ትናገራለች፤ ተናግራ ትጨርሳለች። ኸዚያ ቤቴ እሄዳለሁ። ቤቴ ደሞ የሚቆጣኝ የለም።»

«በስልክዎ ላድርግልዎትና ባሰኘዎት ጊዜ ይስሟቸው» አልኩ።

«ሚስት በኪስ አትያዝም፣ ልጄ» አሉ። «የት ቆየህ የሚባለው ኸውጭ የገባ ሰው ነው። በኪሴ ኸሆነችማ የት ቆየህ ልትለኝ ነው?»

ከፍየል ተራ ስመለስ ካቻቢቴ ተውሼ ገባሁ። ዳንቴሉን አነሳሁ፣ ብሎኑን ፈታሁ፣ አዲሱን ራም ነቅዬ አሮጌውን መለስኩ። የሺ መብራቱን አቀረበችልኝ። አዲሱ ራም አሁን ቁም ሳጥኑ መስታወት ውስጥ ከሰርግ ብርጭቆዎቻችን ጎን ተቀምጧል። ሰላም ደውላ «አባ፣ ፈጠነች?» ስትለኝ «ደህና ናት፣ ትስምሻለች» አልኳት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት ስለ ጤፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ማክሰኞ ከገበያ መልስ አያ ኪሮስ መጡ። ይምጡ ብዬ ልኬባቸው ነበር። ቁልፏን ተጫንኩ። ታጓራ ጀመር፤ ያች የድሮዋ ማጓራት። አያ ኪሮስ ድምፁን ሲሰሙ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። የሺ ጠላ ቀዳች፤ ፉት አሉ፤ «ጥሩ ጠላ ነው» አሉ። ስለ ዝናቡ አወጋን። ለተብርሃን ትመጣለች መባሉን ነገሩን። ከጥቁሯ ፍየል የልጅ ልጆች አንዷ መንታ መውለዷንም ነገሩን።

«ተነሳች?»

«ገና ናት፣ አያ ኪሮስ።»

«ትተኛ። አታስቸኩላት።»

ሌላ ጠላ ተቀዳ። የጋቢያቸውን ጥለት አቀኑ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኮምፒውተሯ አንድ ጊዜ አቃሰተችና መስኮቷ በራ። ነካሁት።

«የት ቆየህ?»

አያ ኪሮስ ብድግ አሉ። ዓይናቸው ሞልቷል፤ ፊታቸው ግን ይስቃል።

«ይኸው መጣሁ፣ ካሰች» አሉ።